ዳመና ውስጥ ሰውነትሽ ሲዋሽሽ፦ መጀመሪያ ክንፍ፣ ከዛ አፍንጫ

ጥያቄው የአንዲት የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። የኢንስትሩመንት ስልጠና ላይ ነች፣ ማለትም ውጪውን ሳታይ መሳሪያ ብቻ እያየች ማብረር እየተማረች ነው፣ ሰሞኑን ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ገብታለች። አሳጥሬ ልድገመው፦ «ጋሼ፣ ውጪውን የሚጋርድ ሁድ አድርጌ እየበረርኩ ኢንስትራክተሬ አይንሽን ጨፍኚ አለኝና አውሮፕላኑን ወዲያ ወዲህ አዟዟረው፣ ከዛ ‹ያንቺ ነው፣ አስተካክዪው› አለኝ። አይኔን ስገልጥ አልቲሜተሩ (ከፍታ መለኪያው) ይወርዳል፣ ደንግጬ ዮኩን (መሪውን) ሳብኩት፣ ጭራሽ ባሰበት። መቀመጫው ውስጥ ተቀበርኩ፣ ሰውነቴ እየወጣን ነው ይለኛል፣ አልቲሜተሩ ግን አሁንም ይወርዳል። ኢንስትራክተሬ ተቀበለኝና አስተካከለው። ሁለት ቀን በተከታታይ እንዲሁ ሆንኩ። ለዚህ ስራ አልተፈጠርኩም ማለት ነው? የማስተካከያውን ቅደም ተከተል አውቀዋለሁ፣ ፈተና ላይም ፅፌዋለሁ፣ እጄ ላይ ግን አይመጣም።»

እህትዓለም፣ መጀመሪያ አይዞሽ። ለዚህ ስራ የተፈጠረ ሰው የለም፣ ይሄን ለማፅናናት አይደለም የምልሽ፣ ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። በ1954 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኢንስትሩመንት ስልጠና ያልወሰዱ 20 አብራሪዎችን ወስደው ውጪው እንዳይታያቸው ሸፍነው በኢንስትሩመንት ብቻ እንዲያበሩ አደረጓቸው። 20ዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። 19ኙ ስፓይራል ውስጥ ገቡ፣ ማለትም እየዞሩ ቁልቁል፣ አንዱ ደግሞ አፍንጫውን ሽቅብ ሰቅሎ ስቶል ላይ ደረሰ፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም አቃተው። በአማካይ የፈጀባቸው 178 ሰከንድ ነው፣ ሶስት ደቂቃ አይሞላም፣ የተጣደ ጀበና እንኳን በዛ ጊዜ አይፈላም። ስለዚ አንቺ የሆንሽው ጤነኛ ሰው የሚሆነውን ነው። ስልጠናው የሚያስፈልገው ደግሞ ለዚሁ ነው።

እሺ፣ ለምን እንደዛ ሆነ? እቤት ስለሆንሽ ጠላ አይጠፋም፣ አንድ ብርጭቆ ቅጂና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። ላዩ ላይ አንዲት የጌሾ ቅንጣት ተንሳፋ ታገኛለሽ። ብርጭቆውን በጣትሽ ቀስ እያልሽ ባለበት አዙሪው። ብርጭቆው ይዞራል፣ ቅንጣቷ ግን ካለችበት ንቅንቅ አትልም፣ ጠላው ገና አልተከተለማ። ሳታቋርጪ ማዞርሽን ከቀጠልሽ ጠላውም ይነሳና ብርጭቆና ጠላ እኩል ይዞራሉ። አሁን ብርጭቆውን ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ ቅንጣቷ አትቆምም፣ መዞሯን ትቀጥላለች። በቃ ጆሮሽ ውስጥ ያሉት ሶስቱ ግማሽ ክብ ቱቦዎች የሚሰሩት እንዲሁ ነው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፣ ፈሳሹ ወደኋላ ሲቀር የሚያጎነብሳቸው ቀጫጭን ፀጉሮች አሉ፣ እነሱ ሲጎነበሱ አንጎልሽ «እየዞርን ነው» ይላል። ዙሩ ሳይለወጥ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ከቆየ ግን ፈሳሹ ይደርስበታል፣ ፀጉሮቹ ቀና ይላሉ፣ አንጎልሽም «ቆምን» ይላል። አውሮፕላኑ እኮ አሁንም እየዞረ ነው! ስታስተካክዪው ደግሞ ልክ እንደ ቅንጣቷ ፈሳሹ መሄዱን ስለሚቀጥል በተቃራኒው በኩል እየዞርሽ ይመስልሻል፣ ያንን «ለማስተካከል» ስትዪ ወደመጀመሪያው ዙር መልሰሽ ትከቺዋለሽ። ስፓይራሉ የሚጀምረው እዚች ጋ ነው።

ሌላም አለ። ቀስ ብሎ የመጣ መዞር ጭራሽ አይሰማም። የመዞሩ ፍጥነት በየሰከንዱ ከ2 ዲግሪ በታች እየጨመረ ከመጣ ጆሮሽ አይመዘግበውም። ኢንስትራክተርሽ አይንሽን አስጨፍኖ «ወዲያ ወዲህ» ያለው ይሄን አውቆ ነው፣ ግራውን ፈጠን አድርጎ እንዲሰማሽ ያደርጋል፣ ቀኙን ቀስ አድርጎ ይሰርቅሻል፣ አይንሽን ስትከፍቺ ሰውነትሽ የያዘው ስዕልና ያለሽበት ቦታ አይገናኙም።

ይሄን መሬት ላይ መሞከር ከፈለግሽ የሰፈር ፀጉር ቤት ሂጂ፣ የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ አይንሽን ጨፍኚና ወንድምሽ በቀስታና በእኩል ፍጥነት ያዙርሽ፣ የሚሰማሽን ደግሞ አውራ ጣትሽን ወዳንዱ ጎን በመጠቆም አሳዪው። ወደ 20 ሰከንድ አካባቢ ጣትሽን መልሰሽ ቀጥ ታደርጊያለሽ፣ «ቆምን» ማለትሽ ነው፣ እሱ ግን እያዞረሽ ነው። ከዛ ያቁምሽ፣ ጣትሽ ወደሌላኛው ጎን ይሄዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ እየዞርሽ አንገትሽን ጎንበስ አድርገሽ ቀና እንዳትዪ፣ ትወድቂያለሽ። አውሮፕላን ውስጥም ያው ነው። እኔ ተማሪ ሆኜ ዳመና ውስጥ እየዞርን እያለ እርሳሴ ወደቀብኝ፣ ጎንበስ ብዬ አንስቼ ቀና ስል አውሮፕላኑ ተገልብጦ ጀርባችን ላይ የተኛን ነው የመሰለኝ፣ ላብ አሰመጠኝ፣ እጄ ዮኩን ለመገልበጥ ጀምሮ ነበር። አቲቲዩድ ኢንዲኬተሩን፣ ማለትም የአፍንጫውንና የክንፉን አቋም የሚያሳየውን መሳሪያ ሳየው 15 ዲግሪ ባንክ (የክንፍ ማጋደም) ላይ ያለ ጨዋ ዙር ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ እርሳሴን በክር ደረት ኪሴ ላይ አስራለሁ፣ ተማሪዎቼንም አሳስራቸዋለሁ፣ አንቺም እሰሪ።

«መቀመጫው ውስጥ ተቀበርኩ፣ የምንወጣ መሰለኝ» ያልሽው ደግሞ ጆሮ ብቻ አይደለም፣ ክብደትሽ ነው። 60 ዲግሪ ባንክ አድርገሽ ከፍታ ሳትለቂ ብትዞሪ 2 ጂ ይሆናል፣ ማለትም የክብደትሽ እጥፍ፣ 55 ኪሎ ከሆንሽ መቀመጫው 110 ኪሎ ይሸከማል። ሰውነትሽ ግን ይሄ ጫና ከመዞር ይምጣ ከመውጣት መለየት አይችልም፣ ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው ከታች መገፋት ማለት መነሳት እንደሆነ ነው። ስፓይራል ውስጥ ያለ ሰው እየወረደ እየወጣሁ ነው የሚለው ለዚህ ነው።

እኔ የጮቄ ስር ልጅ ነኝ። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ እጅሽን ዘርግተሽ ጣትሽ አይታይም፣ አባቴ በቅሎዋ ላይ ሆኖ ልጓሙን ያላላላት ነበር። እኔ ከኋላ እየሄድኩ ወደግራ ነው መንገዱ ብዬ እምል ነበር፣ በርግጠኝነት፣ እሷ በቀኝ ትሄዳለች፣ ቤታችን ደጃፍ እንገኛለን። ተማሪዎቼን ሳስተምር ይሄን አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ የተሰማኝ ርግጠኝነት ዳመና ውስጥ ከሚሰማው ጋር አንድ ነው። ስህተት የሆነ ስሜት ስህተት ሆኖ አይሰማም፣ ትክክል ሆኖ ነው የሚሰማው። ስሜቱን ማጥፋት አትችዪም፣ እኔም ይሄው ስንት ዘመን በርሬ አላጠፋሁትም፣ እየተሰማሽ እጅሽን ለሱ አለመስጠት ነው የሚለመደው።

አሁን ወደ እጅሽ እንምጣ፣ ዋናው ይሄ ነው። በሳብሽበት ሰዓት ክንፉ ስንት ዲግሪ ተጋድሞ እንደነበር አልነገርሽኝም፣ ይሄ ራሱ ብዙ ይነግረኛል፣ አላየሽውም ማለት ነው። ያየሽው አልቲሜተሩን ብቻ ነው። አልቲሜተር ሲወርድ አይቶ መሳብ የሁሉም ሰው እጅ የሚሄድበት ቦታ ነው፣ ችግሩ ክንፉ ከተጋደመ ሊፍቱም (የክንፉ የማንሳት ሃይል) አብሮት ይጋደማል። 60 ዲግሪ ላይ ወደላይ የሚያነሳሽ የሊፍቱ ግማሽ ብቻ ነው፣ ወደ ጎን የሚጎትትሽ ደግሞ ከሱ ይበልጣል። አንቺ ዮኩን ስትስቢ ሊፍት ጨመርሽ፣ ግን የጨመርሽው በአብዛኛው ወደ ጎን ነው የሄደው፣ ዙሩ ጠበበ፣ ጂው ጨመረ፣ አፍንጫው ወደ ዙሩ ውስጥ ገባ፣ ፍጥነቱም አልቀነሰም። «ጭራሽ ባሰበት» ያልሽው ይሄ ነው፣ በትክክል ነው የገለፅሽው። በዛ ላይ ክንፉ የሚችለውም አለ። እንደ ሴስና 172 ያለ አውሮፕላን በኖርማል ካታጎሪ፣ ማለትም በተራ በረራ ደረጃ፣ 3.8 ጂ እንዲችል ነው የሚሰራው፣ ያ ግን ቀጥ ብሎ ሲሳብ ነው፣ እየሳብሽ ባንኩንም በሃይል ከጠመዘዝሽው የሚፈቀደው ወደ ሁለት ሶስተኛው ይወርዳል፣ 2.5 አካባቢ። በ140 ኖት ፍጥነት ላይ ደንግጦ የሚስብ እጅ ያቺን ለማለፍ ብዙም አይለፋም።

ስለዚ አፍንጫ ሲወርድና ስፒድ ሲጨምር፦ ስሮትል (የሞተሩ ጉልበት መቆጣጠሪያ) ወደኋላ እስከመጨረሻው፣ ክንፍ ቀጥ፣ ከዛ አፍንጫ በእርጋታ። ስሮትሉና ክንፉ አብረው ቢሄዱ ችግር የለውም፣ ሁለት እጅ አለሽ፣ አፍንጫው ግን ክንፉን ይጠብቃል። ክንፉ ቀጥ ሳይል ዮኩ ወደ ደረትሽ አንድ ጣት እንኳን አይመጣም።

እዚ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ልንገርሽ። ትሪሙ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ዮኩን ሳትይዢው በአንድ ፍጥነት እንዲቆይ የሚያደርገው ማስተካከያ። ከመጨፈንሽ በፊት 100 ኖት ላይ አስተካክለሽ ትሪም አድርገሽ ነበር እንበል። አውሮፕላኑ ያቺን 100 ኖት ያስታውሳል፣ ሁሌም ወደሷ መመለስ ይፈልጋል። ስፓይራሉ ውስጥ 140 ሲደርስ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ወደ 100 ሊመለስ እየታገለ ነው፣ ግን ክንፉ ስለተጋደመ ትግሉ ሁሉ ወደ ዙር ይቀየርበታል፣ አንቺ ምንም ሳትስቢ ጂ የሚሰማሽ ለዛ ነው። አሁን ክንፉን ቀጥ ስታደርጊለት ምን ይሆናል? ያ ሁሉ ጉልበት በአንድ ጊዜ ወደላይ ይዞራል፣ አፍንጫው ማንም ሳይስበው ራሱ ብድግ ይላል፣ አንዳንዴ ከምትፈልጊው በላይ። ስለዚ በዛች ቅፅበት የእጅሽ ስራ መሳብ ሳይሆን መያዝ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርገሽ ሆራይዘኑ (አድማሱ) ጋ ቀስ ብሎ እንዲደርስ ማድረግ። ይሄን ያላወቀ ተማሪ ክንፉን ቀጥ አድርጎ በዛው ደግሞ ይስባል፣ ከኖዝ ሎው (አፍንጫ ቁልቁል) ወጥቶ ኖዝ ሃይ (አፍንጫ ሽቅብ) ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ሁለተኛ ሪከቨሪ፣ ማለትም ማስተካከል፣ ያስፈልገዋል። ስትመለሺ ይሄን ኢንስትራክተርሽን «ዮኩን ሳልስበው ክንፉን ብቻ ቀጥ ላድርግና አፍንጫው ምን እንደሚያደርግ ልይ» በዪው፣ ከፍታ ላይ ሆናችሁ አንዴ ካየሽው የመሳብ ጉጉትሽ ግማሹ ይጠፋል።

አፍንጫው ቀጥ ማለቱን በምን ታውቂያለሽ? ኤርስፒዱ (የፍጥነት መለኪያው) ሽቅብ ሲሮጥ ቆይቶ ቆም ብሎ መመለስ ሲጀምር፣ አልቲሜተሩም መውረዱን ሲያቆም፣ ያቺ ሰዓት ሆራይዘን ላይ ነሽ። እዛ ላይ ያዢው፣ ስሮትሉን መልሺ፣ ከዛ ወደነበርሽበት ከፍታ በሰላም ውጪ። ያጣሽውን ከፍታ በዛው ፍጥነት ልመልስ ብለሽ እንዳትሰቅዪው።

ሌላኛው በኩል፣ አፍንጫው ሽቅብ ሆኖ ስፒድ ሲወርድ። እዚ የሚያሰጋው ስቶል ነው፣ ስለዚ ተራው ይገለበጣል፣ አፍንጫው ይቀድማል፦ ዮክ ወደፊት፣ ስሮትል ሙሉ፣ ከዛ ክንፍ። ስትገፊ ከመቀመጫሽ ትነሻለሽ፣ ሆድሽ ቀለል ይላል፣ አትፍሪው። ያ ቅለት ክንፉ ሸክሙ እንደቀለለለት ነው የሚነግርሽ፣ ሸክም የሌለው ክንፍ በትንሽ ስፒድም ስቶል አያደርግም። የመዞር መለኪያው ላይ ያለችውን ኳስ መሀል ላይ ያዢያት፣ በራደር፣ ማለትም በእግርሽ በምትረግጪው የጭራ መሪ።

እዚ ጋ ግን አገራችንን የሚመለከት ነገር አለ፣ የፈረንጅ መፅሐፍ ሲነበብ ልብ የማይባል። መፅሐፉ «ፓወር ጨምር» ሲል ባህር ወለል አካባቢ ያለ ሞተር ነው የሚታየው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። የባህር ዳር ኤርፖርት ራሱ ወደ 6 ሺህ ጫማ ላይ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 8 ሺህ፣ ጮቄ አናቱ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ከ13 ሺህ ጫማ ያልፋል። 10 ሺህ ጫማ ላይ ሆነሽ ስሮትሉን እስከመጨረሻው ብትገፊው የምታገኚው የሞተሩ 70 በመቶ ገደማ ነው፣ ያ ደግሞ የተሰቀለ አፍንጫ ተሸክሞ አያወጣሽም። ጎጃም ሰማይ ላይ ከኖዝ ሃይ የሚያወጣሽ የአፍንጫው መውረድ ነው፣ ሞተሩ ረዳት ነው። ደግሞ በድንጋጤ ስሮትልና ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር መጠን መቆጣጠሪያው) አንድ ላይ ጠቅልለሽ እንዳትገፊ፣ በዛ ከፍታ ሚክስቸሩን ሙሉ ሪች፣ ማለትም ነዳጅ የበዛበት፣ ካደረግሽው ሞተሩ ይታነቃል፣ ያለሽንም ጉልበት ታጪዋለሽ። አልቲሜተሩም እንዳያታልልሽ፣ 11 ሺህ ሲል ብዙ ይመስላል፣ ማርቆስ ላይ ከሆንሽ ግን ከመሬት 3 ሺህ ጫማ ብቻ ነው ያለሽ፣ ስፓይራል ውስጥ ያለ አውሮፕላን እሱን በስንት ሰከንድ እንደሚበላው አንቺው አይተሻል።

ከአገራችን ሳንወጣ፣ ሁድ ሳይደረግ የሚመጣ መታለልም አለ። ጠዋት ጣና ላይ ውሃው ረግቶ ጭጋግ ሲኖር ውሃና ሰማይ አንድ ይሆናሉ፣ ታንኳዋ አየር ላይ የተንጠለጠለች ነው የምትመስለው፣ ሆራይዘን የለም። ላይ ዳመና ሳይኖር ፀሀይ ወጥታ ማለት ነው! ጮቄ ላይ ደግሞ ዳመናው ተራራውን ተከትሎ ዘመም ብሎ ይተኛል፣ አይን ያቺን ዘንባላ ጠርዝ ሆራይዘን ነው ብሎ ይይዝና ክንፍሽን ከሷ ጋር እኩል ታደርጊያለሽ። ማታ ገደል አፋፍ ላይ ተበትነው ያሉ የገጠር መብራቶች ከከዋክብት ጋር ይቀላቀላሉ። ስለዚ ኢንስትሩመንት ለዳመና ብቻ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። በጁላይ 16፣ 1999 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር ከባለቤቱና ከእህቷ ጋር አሜሪካ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት አጠገብ ባህር ውስጥ የገባው ዳመና ውስጥ ሆኖ አይደለም፣ ማታ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ከታች ውሃ ነው፣ የኢንስትሩመንት ሬቲንግ (በመሳሪያ ብቻ የማብረር ፈቃድ) አልነበረውም። ልምድ ያላቸውም አይተርፉም፣ በሜይ 5፣ 2007 ከካሜሩን ዱዋላ የተነሳው የኬንያ ኤርዌይስ 737 በጨለማ ውስጥ እየወጣ ቀስ እያለ ወደቀኝ ተጋደመ፣ አውቶፓይለቱ የያዘው መስሏቸው ነበር፣ አልያዘውም፣ 114 ሰው አለቀ። ቀስ ያለው መጋደም ነው የገደላቸው፣ ያ የማይሰማው።

«እጄ ላይ አይመጣም» ላልሽው። እህትዓለም፣ እጅሽ አይደለም የዘገየው፣ አይንሽ ነው የቀደመውን ሳያይ እጅሽን የላከው። አይንሽን ስትገልጪ የመጀመሪያው ስራ እጅን ማንቀሳቀስ አይደለም፣ ማንበብ ነው። ኤርስፒድ፣ እየጨመረ ነው እየቀነሰ? ይቺ አንዷ ጥያቄ ከሁለቱ ሪከቨሪ የቱ እንደሆነ ትወስንልሻለች። ከዛ አቲቲዩድ ኢንዲኬተሩ፣ ክንፉ በየት በኩል ነው የተጋደመው? ከዛ ተርን ኮኦርዲኔተሩ፣ ያ የመዞር መለኪያው፣ ይስማማል? ሶስቱን ማየት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፣ ሁለት ሰከንድ ደግሞ አለሽ። በድንጋጤ በተሳሳተ በኩል የተጎተተ ዮክ ግን ብዙ ሁለት ሰከንዶችን ይበላል። እኔ ተማሪዎቼን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ነው የማደርጋቸው፦ «ስፒድ ይጨምራል፣ ኖዝ ሎው፣ ግራ ባንክ»፣ ከዛ ነው እጅ። አፍ ሲናገር እጅ ይጠብቃል፣ ይሄን ብዙ ልጆች ላይ አይቼዋለሁ።

ለምን አቲቲዩድ ኢንዲኬተሩን ብቻ አላይም ብትዪኝ፣ እሱም ስለሚታመም ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ጋይሮ ነው፣ ልክ እንደ እናትሽ እንዝርት። እንዝርት በሃይል ሲሾር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሃይሉ ሲደክም ወዲያው አይወድቅም፣ ቀስ እያለ ዘመም ዘመም ይላል። ጋይሮውን በአየር የሚያሾረው የቫኪዩም ፓምፕ ሲሞት አቲቲዩድ ኢንዲኬተርም እንዲሁ ነው የሚሆነው፣ ባንዲራ አውጥቶ ሞቻለሁ የማይልም አለ፣ በዝግታ ይጋደማል፣ አንቺ ደግሞ እሱን አምነሽ ጤነኛውን አውሮፕላን ታጋድሚያለሽ። በቫኪዩም የሚሰሩት የድሮዎቹ ከመጠን ካለፈም ይገለበጣሉ፣ ፒች (የአፍንጫው ቀና ወይም ዝቅ ማለት) ከ60 እስከ 70 ዲግሪ፣ ባንክ ከ100 እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ። ለዚህ ነው በፓርሻል ፓነል፣ ማለትም እሱን ሸፍኖ መለማመድ ያለብሽ፦ ክንፉን በተርን ኮኦርዲኔተር፣ አፍንጫውን በኤርስፒድና በአልቲሜተር። አሜሪካዊው አብራሪ ጂሚ ዱሊትል በሴፕቴምበር 24፣ 1929 ውጪውን ሳያይ ተነስቶ፣ ዞሮ፣ ሲያርፍ ከፊቱ የነበረው ይሄው የስፔሪ ጋይሮ ነው፣ ፊት ወንበር ላይ ግን አይኑ የተከፈተ ሴፍቲ ፓይለት ተቀምጦ ነበር። እኛም እንደዛው፣ ይሄ ልምምድ ያለ ኢንስትራክተር አይሞከርም።

የምትማሪበት ግላስ ኮክፒት፣ ማለትም መሳሪያዎቹ በስክሪን የሚታዩበት፣ ከሆነ ሆራይዘኑ ሰፊ ነው፣ ደግ ነው፣ አፍንጫው ከመጠን ሲያልፍ ወደ ሆራይዘን የሚጠቁም ቀይ ቀስትም ያወጣልሻል። ፍጥነቱ በሚንሸራተት ቁጥር የሚታይበት የኤርስፒድ ቴፕ ግን መርፌ ስለሌለው እየሮጠ በየት በኩል እንደሚሄድ በድንጋጤ ውስጥ ለማንበብ ያስቸግራል፣ ቁጥሩን ተይውና ከጎኑ ያለችውን ሀምራዊ የትሬንድ መስመር እዪ፣ ከ6 ሰከንድ በኋላ የት እንደምትደርሺ ነው የምታሳይሽ፣ ወደላይ ከረዘመች ስሮትል ወደኋላ።

ስለ ጄት ባትጠይቂኝም አንድ ነገር፣ ወደፊት ስለሚያስፈልግሽ። ሞተሮቹ ከክንፍ ስር የተንጠለጠሉ ትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ፓወር ስትጨምሪ አፍንጫው የበለጠ ይነሳል፣ ስለዚ እዛ መግፋት መጀመሪያ ነው፣ ፓወሩ በኋላ፣ አንዳንዴም መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። ኤር ፍራንስ 447 በጁን 1፣ 2009 ከ35 ሺህ ጫማ በላይ ስቶል ውስጥ ገብቶ አፍንጫው ተስቦ እንደተያዘ አትላንቲክ ላይ ወደቀ፣ 228 ሰው። የስቶል ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ነበር። ያን ሳስብ ያንቺ እጅ የሳበው ጀማሪ ስለሆንሽ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ የሰው እጅ ስለሆነ ነው።

እረፍትሽ ላይ ያለ አውሮፕላን ምን ትሰሪያለሽ? ካርቶን ቁረጪና ስድስቱን ኢንስትሩመንት በቦታ በቦታቸው በእርሳስ ሳዪ፣ ግድግዳ ላይ በአይንሽ ልክ ለጥፊው። በርጩማ ላይ ተቀመጪ፣ የወጥ ማማሰያ ይሁን መጥረጊያ እንጨት ዮክ አድርገሽ ያዢ። ትንሹ ወንድምሽ ሰላሳ ያህል ካርድ ይያዝ፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ ሁኔታ ይፃፍበት፦ «ስፒድ 130 ይጨምራል፣ አልቲሜተር ይወርዳል፣ ተርን ወደቀኝ»፣ «ስፒድ 60 ይቀንሳል፣ አልቲሜተር ይወጣል፣ ተርን ወደግራ»። አንቺ አይንሽን ጨፍነሽ ቆዪ፣ ሲልሽ ግለጪ፣ እሱ ሲያነብ አይንሽ ካርቶኑ ላይ ያንን ኢንስትሩመንት ይፈልገው፣ ያየሽውን በአፍሽ ተናገሪ፣ ከዛ እጅሽ። ካርዶቹ መሀል ሁለት ሶስቱን ኢንስትሩመንቶቹ እርስ በርስ የሚጣሉባቸው አድርጉ፣ አቲቲዩድ ኢንዲኬተሩ ግራ ሲል ተርን ኮኦርዲኔተሩ ቀጥ የሚል፣ ኮምፓሱም የማይዞር፣ ያን ጊዜ «አቲቲዩዱ ታሟል» ብለሽ እሱን በወረቀት ሸፍነሽ ቀጥዪ። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዛ በላይ አይን ይሰለቻል።

ሌላው ጉንፋን ይዞሽ አትብረሪ፣ የተደፈነ ጆሮ ከሚዋሸውም በላይ ይዋሻል። አረቄ ደግሞ ከደም ከወጣ በኋላም የውስጥ ጆሮን ሲያውክ ይቆያል፣ የበዓል ማግስት በረራ ካለሽ ጭራሽ አትቅመሺ። ፆም የምትፆሚ ከሆነ ለኢንስትራክተርሽ ንገሪው፣ ባዶ ሆድና ውሃ ያልጠጣ ሰውነት ጂ ሲመጣበት ቶሎ ይደክማል፣ ማዞርም ቶሎ ይይዘዋል፣ እንዲህ አይነቱን ልምምድ በልተሽ ውሃም ጠጥተሽ በምትሄጂበት ቀን ማድረግ ይቻላል።

ስትመለሺ የመጀመሪያው ቀን አይን መጨፈን ይቅር። ኢንስትራክተርሽን ውጪው እየታየሽ ኖዝ ሎውን ሶስቴ፣ ኖዝ ሃይን ሶስቴ በቀስታ እንድትሰሩት ጠይቂው፣ አይንሽ ውጪ ሆራይዘኑን ሲያይ ኢንስትሩመንቶቹ ምን እንደሚመስሉ እሱ እየጠቆመ ያሳይሽ። ቀጥሎ ሁድ፣ ከዛ ነው መጨፈን፣ ፓርሻል ፓነሉ በመጨረሻ። እስከዛ ካርዶቹን ስሪና ወንድምሽ ሰዓት ይያዝልሽ፣ አይንሽን ከገለጥሽ እስከ «ኖዝ ሎው፣ ግራ ባንክ» ከሶስት ሰከንድ በላይ እየፈጀብሽ ከቀጠለ የትኛው ኢንስትሩመንት ላይ አይንሽ እንደሚቆም ፃፊልኝ፣ እሱን አይተን ስካንሽን፣ ማለትም አይንሽ መሳሪያዎቹን የሚያይበትን አካሄድ፣ እናስተካክለዋለን።